የአሮጌ ሚኒባስ ዋስ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ጋቢ አለበሰኝ፤ ኃላፊው «ከእንግዲህ ይረፉ» ብሎ ንግግር አደረገ፤ እኔም አመንኩት። በማግስቱ ገና ፊቴን ሳልታጠብ ደጄ ላይ አንድ ፒካፕ፣ አንድ ባጃጅና አራት ሰዎች ቆመው አገኘሁ። ፒካፑን ሊገዛ ያሰበው ሰውዬ «ጋሽ እሸቴ፣ እንግዲህ አሁን ጊዜ አለዎት» አለኝ። ባለቤቴ ይታይሽ ከጓዳ ሰምታ «ትናንት ያን ሁሉ ንግግር ያደረጉት ለማን ነበር?» አለች።

ደብረ ታቦር ውስጥ ያገለገለ መኪና ሊገዛ የተነሳ ሰው ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ለታቦቱ ይሳላል፣ እኔን ይጠራል። መኪናው ደኅና ከሆነ ለታቦቱ ጃንጥላ ይገባለታል። መኪናው ሲበላሽ ግን ታቦቱን የሚወቅስ የለም፤ የምወቀሰው እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ያህል እንዲህ ስኖር አንድም ቀን ለመኪና ዋስ ሆኜ አላውቅም ነበር። ጡረታ በወጣሁ በስድስተኛው ወር ሆንኩ። ይህን የምጽፈውም እንዴት እንደሆንኩ ለማስረዳት ነው፤ በተለይ ለይታይሽ፣ እስካሁን አልገባትምና።

ሥራ የጀመርኩት ደርግ ወድቆ አገሩ ገና ሲረጋጋ፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋራዥ ውስጥ በረዳት መካኒክነት ነው። ስለ ደመወዙ ዝም ብል ይሻላል። ጋራዡ ሲባል ሦስት ግድግዳና ግማሽ ጣሪያ ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ መኪናውን ጣሪያው ሥር እናስገባና እኛ ውጭ እንቆማለን። አለቃዬ ጋሽ ድንቁ ይባሉ ነበር። አጭር፣ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው የሚሄዱ፣ ከመኪና ጋር የሚያወሩ፣ ከሰው ጋር ዝም የሚሉ ሰው ነበሩ። የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ከእሳቸው ነው፤ የተሳሳትኩት ብቻ የራሴ ነው።

ሊሸጥ የመጣ መኪና ሲቀርብላቸው መጀመሪያ ኮፈኑን አያስከፍቱም። በእጃቸው ጀርባ ኮፈኑን ዳበስ ያደርጉታል፣ እናት ያተኮሰውን ልጇን ግንባር እንደምትዳብሰው። ሞቅ ካለ «ነገ ጠዋት ይዘኸው ና» ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። ሻጩ ከባሕር ዳርም ይምጣ ከአዲስ አበባ፣ ነገ ጠዋት ነው። ምክንያቱም የሞቀ ሞተር ሁሉ ጨዋ ነው፤ አንድ ጊዜ ቁልፍ ሲያዞሩለት ይነሳል፣ ድምፁም ያምራል። ድካሙ የሚታወቀው ውርጭ ላይ ሲያድር ነው። «የደብረ ታቦር ብርድ እያለልኝ እኔ ለምን እለፋለሁ?» ይሉ ነበር።

ጠዋት ሲመጣ ደግሞ አሮጌ ጎማ ላይ ይቀመጡና ሻጩን «ለምን ትሸጠዋለህ?» ይሉታል። ከዚያ ዝም ነው። ሻጩ መልስ ይሰጣል፤ እሳቸው ዝም። ሻጩ ሌላ መልስ ይጨምራል፤ እሳቸው ዝም። አንድ ጊዜ «ወንድሜ ታሞብኝ ነው» ብሎ የጀመረ ሰውዬ፣ ዝምታው ሲበዛበት «ደግሞም ሦስተኛ ማርሽ አይገባለትም» ብሎ ጨረሰ። ከዚያ በኋላ ነው ኮፈን የሚከፈተው። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስበው ዘይቱን በሁለት ጣታቸው ያሹታል፣ ያሸቱታል። ረጅም ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ አስደግፈው እጀታውን ጆሯቸው ላይ ይለጥፉና ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። እኔ መጀመሪያ ሳያቸው ጸሎት የሚያደርጉ መስሎኝ ኮፍያዬን አውልቄ ነበር።

ሲጨርሱ መኪናው ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው አይሉም። «መጀመሪያ የሚሞተው ዴናሞው ነው» ይላሉ፣ ወይም «መጀመሪያ የሚሞተው የኋላ ፍሬኑ ነው»። ገዢው ያንን ሰምቶ ራሱ ይወስናል። ዋስ ይሁኑን ያላቸው ሰው ካለ ግን ተቆጥተው ይነሳሉ። «ስለ መኪና እናገራለሁ እንጂ ለመኪና አልዋስም» ነበር ቃላቸው። እኔ በዚያን ጊዜ ስስታምነት መስሎኝ ነበር።

ከእሳቸው ተለይቼ ወደ ነፋስ መውጫ ተዛወርኩ። እዚያ የነበረው ኃላፊ ዕቅድ የሚወድ ሰው ነበርና አንድ ቀን «በሚቀጥለው ሩብ ዓመት የሚበላሹ መኪኖችን ስም ዝርዝር አቅርብ» የሚል ደብዳቤ ጻፈልኝ። ዝርዝሩን ሠራሁ፤ በአንደኛ ተራ የእሱን መኪና ጻፍኩ፤ ከጎኑም «ኩሽኔታ» ብዬ። በወሩ ኩሽኔታው አለቀና መኪናው ቆመ። አድናቆት ስጠብቅ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጣልኝ፤ እያወቅሁ ባለመከላከሌ ነው አሉ። ለመከላከያ የጠየቅሁት ዕቃ ግዥ ክፍል ተኝቶ ነበር። ያም ሆኖ ስሜ ወጣ፤ መካኒክ ብቻ ሳይሆን ጠንቋይ ነው ተባልኩ። ራሴም ትንሽ አመንኩ መሰለኝ።

የሙላት ነገር የመጣው በዚያ ትዕቢት መሃል ነው። ሙላት የማኅበር ጓደኛዬ ነበር፤ አንተ እንባባላለን፤ ስንገናኝ ትከሻ ለትከሻ ሳንጋጭ አናልፍም። ከጉና ሥር ገብስ እየገዛ ገበያ የሚያወጣ ትጉህ ሰው ነው። ሁለት በሬዎቹን ሸጦ ያጠራቀመውን ጨምሮ አንድ ፒካፕ ሊገዛ ፈለገና እንድፈትሽለት ጠራኝ። ሻጩ መኪናውን እንደቆመ አስነስቶ አቆየን። እጄን ኮፈኑ ላይ ሳሳርፍ የሚፋጅ ነው። «አጥፋውና ይብረድ» ስለው «ባትሪው ደከም ብሏል፤ ካጠፋሁት አይነሳም፤ ባትሪ ደግሞ ምን ቁም ነገር ነው፣ ይቀየራል» አለኝ። ቀኑ የማርያም ዝክር ነበር፤ ሙላት ቤት ምሳ ቀርቧል፤ ዝናቡም ጀምሯል። እኔም «ነገ ጠዋት» ማለት ሲገባኝ «ደኅና ነው» አልኩ። ጋሽ ድንቁ በሕይወታቸው ያላሏትን ቃል።

ባትሪው ደኅና ነበር፤ የደከመው ሞተሩ ነው። ድምፁን የሚያለሰልስ ወፍራም ዘይት ሞልተውበት ኖሮ ሦስት ሳምንት ሄደና ጉና ላይ ቀረ። ለማደስ የሚጠይቀው ከመኪናው ዋጋ በለጠ። ሙላት በሬም መኪናም የሌለው ሰው ሆነ፤ በዚያ ክረምት መሬቱን ያረሰው የሰው በሬ ለምኖ ነው። ቢሰድበኝ፣ ቢከሰኝ በወደድኩ ነበር። አልሰደበኝም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያ ላይ አገኘሁትና ትከሻዬን ሳስጠጋ ራመድ ብሎ ወደኋላ አለና፣ ባርኔጣውን አውልቆ «እንዴት ዋሉ?» አለኝ። አንቱ አለኝ። እስከተዛወርኩ ድረስ፣ አራት ዓመት ሙሉ፣ በየገበያው አንቱ እያለ አከበረኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ቅጣት ቀምሼ አላውቅም። ዛሬም ሰው በድንገት አንቱ ሲለኝ ምን አጠፋሁ ብዬ አስባለሁ።

ወደ ደብረ ታቦር ስመለስ ጋሽ ድንቁ አርፈው ነበር። እኔም ከዚያ በኋላ የሞቀ ኮፈን ከፍቼ አላውቅም፤ ሚኒስትር ቢመጣ ነገ ጠዋት ነው።

አሁን ወደ አስካል ልምጣ። አስካል ጎረቤቴ፣ የልጄ የክርስትና እናት፣ መናኸሪያው አጠገብ ሃያ ዓመት ምግብ ቤት የሠራች ሴት ናት። ጉልበቷ እሳት ፊት መቆም እምቢ ሲላት ምግብ ቤቱን ለቀቀችና በእጇ ባለው ሁሉ ያገለገለ ሚኒባስ ልትገዛ ቆረጠች፤ ከደብረ ታቦር ገሳይ የሚመላለስ። ሌላ ጥሪት የላትም፤ ልጅም የላት። ሚኒባሷ ከቆመች አስካልም ቆመች ማለት ነው።

ሻጩ ከአዲስ አበባ የመጣ ናሆም የሚባል ልጅ እግር ነው፤ ያገለገሉ መኪኖች የሚሸጥ የአንድ ድርጅት ተወካይ ነኝ ይላል። ከረባቱን በደብረ ታቦር ብርድ ምክንያት በሹራብ ሸፍኖታል። እኔ ሚኒባሷን በውርጭ ጠዋት ፈተሽኳት፤ በአንድ ቁልፍ ተነሳች። ዘይቱን አሸተትኩ፣ በካቻቢቴ አዳመጥኩ፣ የገሳይን ዳገት ሰው ሞልተን ወጣንባት። «መጀመሪያ የሚሞተው ፍሪሲዮኑ ነው፤ እሱም ከአራት ከአምስት ወር በኋላ» አልኳት። ነገሩ አልቆ ነበር፤ ናሆም ግን ከቦርሳው ስምንት ገጽ ወረቀት አወጣ።

«እማማ፣ ይሄ ደግሞ ተጨማሪ ዋስትና ነው» አላት። «ትንሽ ጨምረው ይከፍላሉ፤ መኪናው አንድ ዓመት ሙሉ ቢበላሽ ሐሳብ የለብዎትም።»

ትንሽ ያለው የአንድ ደኅና በሬ ዋጋ ነው። አስካል ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። አስካል ቤት ነን፤ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ለምስክርነት ተጠርተው ተቀምጠዋል።

«ዋስትና ካለ ዋስ አለ» አለች። «ዋሱ ማነው?»

«ድርጅታችን ነው።»

«የማን ልጅ ነው?»

«ድርጅት እኮ ሰው አይደለም፣ እማማ።»

«እንግዲያ ሰው ካልሆነ እንዴት ተዋሰ? ዋስ ማለት እኮ ቤቱ የሚታወቅ፣ ሚስቱ የምትታወቅ፣ ሲደበቅ የሚፈለግ ነው። የወንድሜ ልጅ ታስሮ የተለቀቀ ጊዜ ዋስ የሆንኩ እኔ ነኝ። ወረቀት አልላክሁም፤ በእግሬ ሄጄ ቆሜ ነው። ዋሱ ይምጣና እንየው።»

ሽማግሌዎቹ ትክክል ነው አሉ። ናሆም ግራ ገብቶት አዲስ አበባ አለቃው ጋ ደወለ። አለቃው በስልክ እየጮኸ «ማህተሙን አሳያት!» አለው። ናሆም ማህተሙን አሳያት። አስካል ወረቀቱን ወደ ብርሃን አቅርባ አየችና «ማህተሙ ያምራል» አለች። «ዋሱስ?»

በመጨረሻ ወረቀቱን አንብብልን ተባልኩ። መነጽሬን አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይሸፈናል ይላል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን በሞተሩ ውስጥ በመንቀሳቀስ ምክንያት የሚያልቁ ዕቃዎችን አይጨምርም ይላል።

«ሞተር ውስጥ የማይንቀሳቀስ ምን አለ?» አለ አንደኛው ሽማግሌ።

ትንሽ አሰብኩና «የሞተር ቁጥሩ» አልኩ።

ቀጠልኩ። በተደጋጋሚ ከፍተኛ ዳገት ላይ በመንዳት የሚደርስ ጉዳት አይሸፈንም። ሽማግሌው «እንግዲያ ከጉና ስትወርድ አለ፤ ስትወጣ የለም» ብሎ ለአስካል አብራራላት። ቀጠልኩ። ጥገናው የሚደረገው አዲስ አበባ በሚገኘው በድርጅቱ ጋራዥ ብቻ ሲሆን ተሽከርካሪውን የሚያቀርበው ገዢው ነው።

«የተበላሸችውን?» አለች አስካል።

«በጭነት መኪና ተጭና ነዋ» አለ ናሆም።

«የጭነት መኪናውስ ዋስ አለው?»

ናሆም ላብ ላብ አለው። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ወረቀቱን እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው ይመስላል። እኔን ግን ሞቅ አለኝ። ስምንቱን ገጽ እንደ ሕግ አዋቂ አንብቤያለሁ፣ ሽማግሌዎቹ በእያንዳንዱ ቃል ራሳቸውን እየነቀነቁ ነው፣ ሚኒባሷን በገዛ እጄ ፈትሻታለሁ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረግሁና «ተይው አስካል፣ ብርሽን አታባክኚ፤ ዋሱ እኔ ነኝ!» አልኩ።

ሰው «እኔ አለሁልሽ» እንደሚለው ዓይነት ነበር ያልኩት። ይህን ለይታይሽ ብዙ ጊዜ ነግሬአታለሁ። አስካል ግን ወደ ሽማግሌዎቹ ዞር ብላ «ሰማችሁ?» አለች። «ሰማን» አሉ። በእኛ አገር ከዚያ ወዲያ የሚጻፍ ነገር የለም። ናሆም በደስታ ብድግ ብሎ እንደ ሥራ ባልደረባው ጨበጠኝ።

ቤት ገብቼ ስነግራት ይታይሽ «ለማን ነው የተዋስከው?» አለችኝ።

«ለሚኒባስ።»

«ሰው እንኳ ቢጠፋ ተፈልጎ ይመጣል። ሚኒባስ የሞተች እንደሆነ ምን ልታደርግ ነው? አንተ ልትቆምላት ነው ገሳይ መንገድ ላይ?»

ጋሽ ድንቁ ለምን እንደሚቆጡ የገባኝ ያን ዕለት ነው።

የእኔ ዋስትና እንደ ናሆም ወረቀት አይሸፈንም የሚል ገጽ የለውም፤ ይህ ነው ችግሩ። ሾፌሩ ጌታነህ የሚባል ጠንቃቃ ጎልማሳ ነው፤ ከጠንቃቃነቱ ብዛት ሚኒባሷ ስታስነጥስ ይደውልልኛል። መስታወቷን ጠጠር ሲሰነጥቀው አስካል ደጄ መጣች። «ጠጠሩ እኮ የሞተር ብልሽት አይደለም» ስላት «ዋስ አይዶለህም?» አለችኝ። ጎማ ሲተነፍስ ዋሱ ይጠራል። አንድ ጊዜማ አንድ ተሳፋሪ አልከፍልም ብሎ ሲጣላ እኔ ተጠርቼ አስታረቅሁ። በአምስተኛው ወር ፍሪሲዮኑ እንዳልኩት ሞተና ቀየርነው። ጌታነህ «እንዴት አወቁት?» እያለ መናኸሪያውን ሁሉ አወራበት። እኔም ጢሜን እየዳበስኩ ከረምኩ።

ከዚያ አንድ የገበያ ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ጌታነህ ከገሳይ ደወለ።

«ጋሼ፣ ሚኒባሷ ቆማለች። ደግሞ ትሸታለች።»

«ምን ትሸታለች? ዘይት? ጎማ?»

«ወጥ።»

«ምን?»

«ወጥ ጋሼ። ወጥ ወጥ ትላለች።»

ጠጥቷል ብዬ ስልኩን ዘጋሁበት። ግን ልቤ አላረፈልኝም፤ ዕቃዬን ይዤ አስካልን ጠርቼ በሌላ ሚኒባስ ወደ ገሳይ ወጣን። አስካል መንገዱን ሁሉ ነጠላዋን ጭብጥ አድርጋ ይዛ መስኮት መስኮቱን ታያለች። ገሳይ ስንደርስ ገበያተኛው ሚኒባሷን ከቧታል። ኮፈኑ ተከፍቷል፣ እንፋሎቱ ይወጣል፤ ጌታነህ አልጠጣም ነበር። ገበያው ሁሉ የሠርግ ቤት ሸትቷል። ገብስ ሊሸጥ የመጣ አንድ ገበሬ «ጾሙ ተፈታ እንዴ?» እያለ ያስቃል።

አስካል ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጋ ራዲያተሩ ጋ ደረሰች። የፈሰሰውን ቀይ ውኃ በጣቷ ጫፍ ነካችና፣ እየጮህንባት ቀመሰችው።

«በርበሬ ነው» አለች። ምላሷን አጣጥማ ደግሞ «ኮረሪማ የለውም። የገበያ በርበሬ ነው።»

ያን ጊዜ ሁሉም ገባኝ። የሚያፈስ ራዲያተር ውስጥ ደቃቅ በርበሬ ሲነሰነስ ቀዳዳው ላይ ሄዶ ይወትፈዋል። ለጥቂት ወራት ጠብ አይልም። ከዚያ በርበሬው ይከማችና የውኃውን መንገድ ይደፍነዋል፤ ሞተሩ ይግላል፤ የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ይቃጠላል። ማን እንደጨመረው እግዚአብሔር ይወቅ፤ ሚኒባሷ ናሆም እጅ ከመግባቷ በፊት ብዙ እጅ አልፋለች። እኔ ግን ዘይቷን አሽትቻለሁ፣ ዳገት አውጥቻታለሁ፣ ጆሮዬን ለጥፌባታለሁ፤ የራዲያተሯን ክዳን ከፍቼ ውኃውን አላሸተትኩም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዘይት ሳሸት ውኃ አሽትቼ አላውቅም። ውኃ ምን ይሸታል?

ሰዉ ሁሉ እኔን ያያል። እኔ የማየው አስካልን ነው። ሌላ ጥሪት የሌላት ሴት ሀብቷ ሁሉ መንገድ ዳር ቆሞ በርበሬ እየተነፈሰ ነው፣ እሷን ያሳመንኳት ደግሞ እኔ ነኝ። ሙላት መጣብኝ።

«አስካል» አልኩ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው። ውኃውን አላየሁትም።»

ነጠላዋን አስተካከለች። አንቱ ልትለኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ከገሳይ ገበያተኛ ሁሉ ፊት «ምንም አይዶል፣ ይተዉት» ልትለኝ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በየደጁ እየቆመች እንዴት አደሩ ልትለኝ ነው፤ ልጄን ክርስትና ያነሳች ሴት። ያን ከምሰማ ሚኒባሷ በላዬ ላይ ብትሄድ ይሻለኝ ነበር።

«አንተ ሽማግሌ!» አለች። «አንተ የማትረባ! ዕድሜህን ሙሉ ዘይት ስታሸት ኖረህ ወጥ ሲሸት አታውቅም? እኔን አትጠራኝም ነበር? ሃያ ዓመት በርበሬ ስቀምም የኖርኩት ለምንህ ነው? ቁም ብዬሃለሁ እንዴ? ግባ ከሥሯ!»

አንተ አለችኝ። አንተ! እንባዬ መጣ፤ በእንፋሎቱ አሳበብኩና ሚኒባሷ ሥር ገባሁ።

ሦስት ቀን ገሳይ ሰነበትን። ቴስታታውን አወረድኩ፣ ጓርኒሲዮኑን ቀየርኩ፣ ራዲያተሩን በሌላ ተካሁ። አስካል በርጩማ አምጥታ ራስጌዬ ተቀምጣ ስታዘኝ ነበር። በዕቃው ዋጋ ተጣላን፤ እኔ ዋስ ነኝ እላለሁ፣ እሷ መኪናዋ የእኔ ናት ትላለች፤ መጨረሻ ላይ ሽማግሌ ገብቶ እኩል እኩል አደረገን። ናሆም ጋ ደውዬ ነገሩን ስነግረው ደነገጠ። «ያን ዋስትና ገዝተን ቢሆን ኖሮ ይሸፍን ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። ልጁ ሐቀኛ ነው፤ ወረቀቱን አውጥቶ ካነበበ በኋላ «ጋሼ፣ ስለ በርበሬ የሚል ነገር የለውም» አለኝ።

ሚኒባሷ ተነሳች። ከዚያ ወዲህ መኪና ስፈትሽ አስካልም ትጠራለች። እኔ ዘይቱን አሸታለሁ፣ እሷ ውኃውን። እስካሁን አንድ በእንቁላል የተደፈነ ራዲያተርና አንድ ቅርንፉድ የገባበት አግኝታለች፤ ቅርንፉዱ ለምን እንደሆነ እስካሁን አላወቅንም። ቁርሷን ገዢው ይችላል።

ሁለት ዓመት ሠርታባት አስካል ሰፋ ያለ መኪና ልትይዝ ፈለገችና ሚኒባሷን ለሽያጭ አወጣች። ገዢው ገሳይ የሚያስተምር መምህር ጥጋቡ የሚባል፣ ነገር የሚመረምር ሰው ነው። ዋስትና አላት ወይ ብሎ ሲጠይቃት አስካል ምንም ሳታመነታ «ከነዋሷ ነው የምሸጣት» አለችው። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። የሰማሁት መምህሩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቴ ሲመጣ ነው።

«መኪናዋን አይቻታለሁ፤ ደኅና ናት» አለኝ። «አሁን ደግሞ ዋሱን ልይ ብዬ ነው።»

ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። ዕድሜዬን ጠየቀኝ። ደም ግፊት እንዳለብኝ ጠየቀኝ። ልጆቼ አዲስ አበባ ይወስዱኝ እንደሆነ፣ ማየት ማድመጥ እንደምችል፣ ገሳይ ድረስ ለመውጣት ወገቤ እንደሚፈቅድ ጠየቀኝ። በመሃል ሳልፈልግ ሳል አመለጠኝና ፊቱን አጠቆረብኝ። አላመነኝም። ዞር ብሎ በር ላይ ተቀምጣ ምስር የምትለቅመውን ይታይሽን አየ።

«እትዬ፣ አንቱ ምን ይላሉ? እሳቸው ይታመናሉ?»

ያን ዋስነት አንድ ቀን ይቅር ብላኝ አታውቅም። ብታጥላላኝ ሽያጩ ይፈርሳል፣ የአስካል ነገርም ይበላሻል። ይታይሽ ሰፌዱን አስቀመጠችና ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ሠላሳ ስድስት ዓመታችን ነው» አለችው። «ይንኳኳል። ጠዋት ጠዋት ለመነሳት ያስቸግራል። ጠላም ትንሽ ይበላል። መንገድ ላይ ጥሎኝ ግን አያውቅም።»

መምህሩ ሚኒባሷን በዚያው ዕለት ገዛ።